የሕዝብ ተወካዩ አፍና ያለመከሰስ መብቱ፦ ከለላው እስከ የት ይደርሳል?

ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ሲሰሙት የሕግ ባለሙያዎች ብቻ የሚከራከሩበት ይመስላል። የምክር ቤት አባል ስለ ተናገረው ነገር በሕግ ይጠየቃል ወይስ አይጠየቅም? ጥያቄው ይህ ነው። ነገር ግን ባለፉት ዓመታት በአገራችን የሆነውን ያየ ሰው ጉዳዩ ከአዲስ አበባው አዳራሽ ወጥቶ እስከ ቤቱ ደጃፍ እንደሚደርስ አይጠፋውም።

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ማክሰኝትን አስቡ። የጎንደር ዙሪያ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በገበያ ቀን ጤፍና ሽምብራ ጭኖ የሚመጣው ገበሬ፣ ሱቅ ከፍቶ የሚነግደው ሙስሊም፣ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ የሚመለሰው ኦርቶዶክሳዊ፣ እሁድ እሁድ በኪራይ ቤት ተሰብስቦ የሚያመልከው ጥቂቱ ወንጌላዊ አማኝ፣ ሁሉም በአንድ ገበያ ይገናኛሉ። አዲስ አበባ ማይክሮፎን የያዘ ሰው ስለ አንዱ ወገን የተናገረው ክፉ ቃል ማታ በቴሌቪዥን፣ አለዚያም በእጅ ስልክ እዚህ ይደርሳል። ተናጋሪው ጠባቂ አለው፣ የሕግ ከለላም አለው። በቃሉ ምክንያት ሱቁ የሚሰበርበት ሰው ግን ሁለቱም የሉትም።

ይህ በሐሳብ ብቻ የሚነገር ነገር አይደለም። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. በጎንደር ከተማ በአንድ የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ የተነሣው ጠብ የሰው ሕይወት አጠፋ፤ በቀናት ውስጥ ደግሞ ወሬው በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ስልጤ ዞን ወራቤ ደረሰና በዚያ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። የወራቤ ክርስቲያን ጎንደር ላይ ምን አደረገ? ምንም። ቃል ግን እንዲህ ነው የሚጓዘው። ሐዋርያው ያዕቆብ ምላስን ጫካ ከሚያቃጥል ትንሽ እሳት ጋር ያመሳሰለው ያለ ምክንያት አይደለም (ያዕ. 3፥5-6)።

እንግዲህ ሕጉ ምን ይላል? በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል ሁለት ዓይነት ከለላ ይሰጣል፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱ ስለሚቀላቀሉብን ለይተን ማየት ይገባናል። የመጀመሪያው በንዑስ አንቀጽ 5 የተጻፈው ነው። አባሉ በምክር ቤቱ ስብሰባ ላይ ስለ ሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት ፈጽሞ አይከሰስም፤ አስተዳደራዊ እርምጃም አይወሰድበትም። ይህኛው ጊዜ የለውም። ዛሬም ነገም፣ ከምክር ቤቱ ከወጣ በኋላም፣ እዚያ በተናገረው አይጠየቅም። ሁለተኛው በንዑስ አንቀጽ 6 ያለው ነው። አባሉ ከባድ ወንጀል ሲፈጽም እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም፣ በወንጀልም አይከሰስም። ይህኛው በር ያለው አጥር ነው፤ የበሩን ቁልፍ የያዘው ደግሞ ምክር ቤቱ ራሱ ነው። በየካቲት 2012 እንደ ጸደቀው የጥላቻ ንግግር አዋጅ ያለ ሕግ የምክር ቤት አባልን የሚያገኘው በዚህ በር ብቻ ነው።

“እጅ ከፍንጅ” የሚለው ቃል ላይ ትንሽ እንቆይ። የሕገ መንግሥቱ የአማርኛ ቅጂ “ከባድ ወንጀል” የሚል ቃል ጨምሮበታል፤ እንግሊዝኛው ይህን አልጨመረም። በአንቀጽ 106 መሠረት ደግሞ የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው አማርኛው ነው። በጥላቻ ንግግር አዋጁ ጥላቻ የተናገረ ሰው የሚጠብቀው ቅጣት እስከ ሁለት ዓመት የሚደርስ ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር የሚደርስ መቀጮ ነው፤ በንግግሩ ሳቢያ ጥቃት ከደረሰ እስከ አምስት ዓመት ከፍ ይላል። የወንጀል ሕጋችን ቀላል እስራትን እጅግ ከባድ ላልሆኑ ወንጀሎች የመደበው ቅጣት ነው። ስለዚህ አንድ አባል በአደባባይ ሰልፍ ላይ ጥላቻ ሲናገር ፖሊስ ቆሞ ቢሰማውም እንኳ “ከባድ ወንጀል ሲፈጽም ያዝሁት” ብሎ ወዲያው እጁን መያዙ አከራካሪ ነው። ምክር ቤቱን መጠየቅ አለበት።

ምክር ቤቱ ደግሞ የማን ነው? የአብዛኛው መቀመጫ ባለቤት የሆነው ፓርቲ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ የችግሩ ሥር እዚህ ላይ ነው። ከለላው የተሠራው ጥቂቱ ከብዙው እንዲጠበቅ ነበር፤ ቁልፉ ግን የተሰጠው ለብዙው ነው።

ከለላው መጀመሪያ ለምን እንደ መጣ ማስታወስ ይጠቅማል። እንግሊዞች በ1689 (እ.ኤ.አ.) በመብቶች ሕጋቸው ውስጥ በፓርላማ የተደረገ ንግግርና ክርክር ከፓርላማ ውጭ በማንኛውም ፍርድ ቤት ሊጠየቅ አይገባም ብለው ያጻፉት ነገሥታት የማይወዱትን የተናገረ እንደራሴ እያሠሩ ስላስቸገሯቸው ነው። ጀርመኖች ከሒትለር በኋላ ሕገ መንግሥታቸውን ሲጽፉ ይኸንኑ ከለላ ሰጡ፤ ግን አንድ ነገር አወጡበት፦ ሆነ ብሎ በሐሰት የሰው ስም ማጥፋትን አይሸፍንም አሉ። የእኛው አንቀጽ 54(5) እንዲህ ያለ ልዩነት አላደረገም።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ክፍል እንለፍ። አባሉ ከአዳራሹ ውጭ ሲናገርስ?

ኔዘርላንዳዊው የፓርላማ አባል ኼርት ቪልደርስ በመጋቢት 2014 (እ.ኤ.አ.) በዘ ሄግ ከተማ በምርጫ ምሽት ደጋፊዎቹን ሰብስቦ በአገሩ የሚኖሩ ሞሮኳውያን ቁጥር ይቀነስ እንደሆነ እየጠየቀ አስጮኻቸው። ተከሰሰ፤ በ2016 ጥፋተኛ ተባለ፤ ይግባኙም እስከ 2021 ድረስ ሄዶ አንድን ወገን የመስደብ ጥፋቱ ጸና፤ ቅጣት ግን አልተጣለበትም። በፓርላማው ወለል ላይ ቢናገረው ኖሮ ማንም አይነካውም ነበር። ከለላው ለቦታውና ለሥራው እንጂ ለሰውዬው አይደለምና።

በእኛ አገር ይህ መስመር ሲፈተን አይተናል? አይተናል፤ ግን ማንም አልለካውም። በሰኔ 2013 ምርጫ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የተመረጡት ዲያቆን ዳንኤል ክብረት፣ አዲሱ ምክር ቤት ሥራ ሊጀምር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ በጦርነቱ መካከል በአማራ ክልል በተደረገ ስብሰባ ላይ ንግግር አደረጉ። ጠላት ያሉትን ወገን ከሰይጣን ጋር አመሳስለው ከታሪክ ሳይቀር እንዲጠፋ የሚጠይቅ ንግግር ነበር። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አደገኛ ነው ብሎ አወገዘው። እሳቸው በበኩላቸው የተናገሩት ስለ ሕወሓት እንጂ ስለ ትግራይ ሕዝብ አይደለም አሉ። ከሁለት ወር በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ደግሞ፣ በጥቅምት 2014፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በፌስቡክ ገጻቸው ሕዝቡ ያገኘውን መሣሪያ ይዞ ሕወሓትን እንዲመክትና እንዲቀብር የሚጠራ ጽሑፍ አወጡ፤ ፌስቡክም ግጭት ይቀሰቅሳል ብሎ አነሣው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የምክር ቤቱ አባል ናቸው። በሁለቱም ጉዳይ የመጣ ክስ የለም፤ በምክር ቤቱ ፊት የቀረበ ጥያቄም የለም። በዚያኛው ወገን፣ በትግራይ በኩል፣ በዚያው ጊዜ ይነገር የነበረውም ከዚህ የሚያንስ አልነበረም፤ ያንን የሰማ አማራ ምን እንደ ተሰማው እዚህ ለሚኖረው መንገር አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ሕጉ ራሱ ክፍተት አለው። አዋጁ የጥላቻ ንግግር የሚለው በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ተመሥርቶ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን ሆነ ብሎ የሚያነሣሣውን ነው። የፖለቲካ ፓርቲ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ስለዚህ “ስለ ፓርቲው ነው የተናገርሁት” የሚለው መልስ በሕግ ፊት ዋጋ አለው። ነገር ግን የሚሰማው ሰው እንዲህ አጥርቶ አይሰማም። ፓርቲው የአንድ ብሔር ስም የያዘ ሲሆን፣ ጎረቤቱም የዚያ ብሔር ሲሆን፣ በማክሰኝት መናኸሪያ ቆሞ ስልኩን የሚያየው ወጣት በፓርቲና በሕዝብ መካከል ያለውን ቀጭን መስመር ማን ያሳየዋል?

ደግሞ ምንም ከለላ የማይሻገረው አንድ መስመር አለ። ኢትዮጵያ የዘር ማጥፋት ወንጀልን የሚከለክለውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ1949 (እ.ኤ.አ.) ከሁሉ አስቀድመው ካጸደቁት አገሮች አንዷ ናት። ስምምነቱ በቀጥታና በአደባባይ ለዘር ማጥፋት ማነሣሣትን ራሱን የቻለ ወንጀል ያደርገዋል፤ አጥፊው ባለሥልጣን ይሁን ተራ ሰው እንደሚቀጣም ይናገራል። የራሳችን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 28 ይህን ወንጀል በይቅርታና በምሕረት እንዳይታለፍ፣ በጊዜ ብዛትም እንዳይታገድ አድርጎ አጥሮታል። የሩዋንዳው ፖለቲከኛ ሌዎን ሙጌሴራ በኅዳር 1992 (እ.ኤ.አ.) በአንድ ስብሰባ ላይ ያደረገው ንግግር ከሃያ ዓመት በኋላ ከካናዳ አስወጥቶ አገሩ ፍርድ ቤት አቆመው፤ በ2016 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ንግግሩን ባደረገ ጊዜ የሰማው ሁሉ “ፖለቲካ ነው” ብሎ ሳይሆን አይቀርም።

ታዲያ ከለላውን ቀንሰን ተናጋሪን ሁሉ እንክሰስ? ወንድሞችና እህቶች፣ አትቸኩሉ። የእኛው ታሪክ ሌላውንም ፊት ያሳየናል።

በ1997 ምርጫ ማግሥት ወደ ምክር ቤቱ አንገባም ያሉት የቅንጅት ተመራጮች በ1998 መጀመሪያ ያለመከሰስ መብታቸውን አጡ። መሪዎቹ ታሰሩ፤ ከክሶቹ አንዱ የዘር ማጥፋት ሙከራ ነበር። ፍርድ ቤቱ በኋላ ያንን ክስ ጣለው፤ ሰዎቹም በሐምሌ 1999 በይቅርታ ወጡ። ኅዳር 3 ቀን 2013 ምክር ቤቱ የዶ/ር ደብረ ጽዮን ገብረ ሚካኤልን ጨምሮ የ39 የሕወሓት አባላትን ከለላ በአንድ ቀን አነሣ፤ ጦርነቱ ከተጀመረ ገና ሳምንቱ ነበር። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ደግሞ በዚያው ሰሞን የአብን ተወካይ አቶ ክርስቲያን ታደለ፣ የአማራ ክልል ምክር ቤት አባሉ አቶ ዮሐንስ ቧያለውና የአዲስ አበባ ምክር ቤት አባሉ ዶ/ር ካሣ ተሻገር ታሰሩ። አቶ ክርስቲያን በምክር ቤቱ ውስጥ የመንግሥት ወጪን የሚቆጣጠረው ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበሩ፤ በስብሰባ ላይ መንግሥትን በድፍረት በመጠየቅም ይታወቃሉ። ፓርቲያቸው በምርጫው ያገኘው አምስት ወንበር ብቻ ነበር። ምክር ቤቱ ከለላቸውን ያነሣው ከወራት እስር በኋላ በ2016 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያም በሽብር ወንጀል ተከሰሱ።

ክሱ በምክር ቤት ስለ ተናገሩት አይደለም፤ ይህን በሐቅ መናገር አለብን። ክሱ እውነት ይሁን ሐሰት የሚለየውም ፍርድ ቤት ነው። እኛን የሚያሳስበን ቅደም ተከተሉ ነው። ሕገ መንግሥቱ መጀመሪያ ፈቃድ፣ ከዚያ እስር ይላል። እዚህ ላይ መጀመሪያ እስር፣ ከወራት በኋላ ፈቃድ ሆነ። “የአስቸኳይ ጊዜ ነው” የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል። ነገር ግን በአንቀጽ 93 መሠረት አዋጁን የሚያጸድቀውም፣ አፈጻጸሙን ከአባላቱና ከሕግ ባለሙያዎች ባቋቋመው ቦርድ የሚመረምረውም ይኸው ምክር ቤት ነው። ተመርማሪው መርማሪውን ማሠር ከቻለ ምርመራው ምን ቀረው? ምክር ቤቱ አዋጁን ያጸደቀው ነሐሴ 8 ቀን ነው፤ በዚያ ቀን “ይህ አዋጅ ለምን?” ብለው ሊጠይቁ ከሚችሉት አንዱ በእስር ላይ ነበሩ። በክልሉ ደግሞ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ስለነበር የማክሰኝት ሰው ወኪሎቹ የሚሉትን ከመስማት ይልቅ ከአፍ ወደ አፍ የሚሄደውን ወሬ መስማት ነበር ዕጣው።

በቱርክም የሆነው ይህንን ይመስላል። በግንቦት 2016 (እ.ኤ.አ.) ፓርላማው ሕገ መንግሥቱን ለአንድ ጊዜ ብቻ አሻሽሎ ከመቶ በላይ የሆኑ አባላትን ከለላ አነሣ። የኩርዶች ደጋፊ ፓርቲ መሪ የነበሩት ሰላሐቲን ደሚርታሽ በዚያው ዓመት ታሰሩ፤ የተከሰሱትም በአብዛኛው ስለ ንግግራቸው ነው። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2020 መብታቸው ተጥሷል፣ ይፈቱ ቢልም አልተፈቱም።

መጽሐፍ ቅዱስን የምናነብ ሰዎች ይህን በሌላ ስም እናውቀዋለን። ኢየሩሳሌም በተከበበች ጊዜ ነቢዩ ኤርምያስ እውነቱን ሲናገር አለቆቹ ያቀረቡበት ክስ ምን ነበር? የወታደሮቹንና የሕዝቡን እጅ ያደክማል፣ ለሕዝቡ ሰላም አይፈልግም የሚል ነው (ኤር. 38፥4)። በዘመኑ ቋንቋ “ቀስቃሽ ንግግር” አሉት። በሌላ በኩል ደግሞ ሐማን አለ። እሱም በንጉሡ ፊት ቆሞ ስለ አንድ ሕዝብ ተናገረ፤ ሕጋቸው ከሌላው ሕዝብ ይለያል፣ ቢተዋቸው ንጉሡን አይጠቅመውም አለ። ቃሉ በፈጣን መልእክተኞች ወደ 127 አገሮች ተላከ (አስ. 3)። ኤርምያስ መንግሥትን ገሠጸ፤ ሐማን ግን በአንድ ሕዝብ ላይ ጦር ሰበቀ። ሕጋችን እነዚህን ሁለቱን መለየት አለበት። ያዘነበለ ሕግ ኤርምያስን ጉድጓድ ይጥላል፣ ሐማንን ይሾማል።

እንግዲህ የእኔ አቋም ይህ ነው። በምክር ቤቱ ስብሰባ ላይ የሚነገረው፣ ቢያስጠላንም፣ በፍርድ ቤት አይጠየቅ። እዚያ የሚሰማውን ክፉ ቃል ማቆም የአፈ ጉባኤው ሥራ ነው፤ ሥርዓት ለማስከበር ማይክሮፎን መዝጋት ስለ አስተያየት ቅጣት ማለት አይደለም። ከአዳራሹ ውጭ፣ በሰልፍ፣ በቴሌቪዥን፣ በፌስቡክ፣ ወይም በቤተ ክርስቲያን መድረክ የተነገረው ግን እንደ ማንኛውም ዜጋ ንግግር ይመዘን፤ ከለላውን ለማንሣትም ምክር ቤቱ አባሉን ጠርቶ በግልጽ ስብሰባ ይስማው፣ ምክንያቱን ይጻፍ፣ ይህም ከእስሩ በፊት ይሁን። ሚዛኑ አንድ ካልሆነ ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። በሰኔ 2016 (እ.ኤ.አ.) የኬንያ ፖሊስ በጥላቻ ንግግር የጠረጠራቸውን ስምንት የምክር ቤት አባላት ሲይዝ ከገዢው ወገንም ከተቃዋሚውም ነበሩ፤ በፓንጋኒ ጣቢያ አብረው አደሩ። ክሱ የትም አልደረሰም ብለው የሚነቅፉ አሉ፤ እውነት አላቸው። ቢሆንም ሕዝቡ ያን ዕለት ሕግ ሁለቱንም ወገን ሲይዝ አየ። እኛ አገር ግን ከላይ የቆጠርናቸው ከለላቸው የተነሣባቸው ሁሉ በጊዜው ከመንግሥት ጋር የተቃረኑ ነበሩ።

አሁን ስለ እኛ ስለ ራሳችን። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ በአማራ ክልል ፕሮቴስታንቱ ከመቶ 0.2 ብቻ ነበር፤ ከ500 ሰው አንድ ማለት ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ ግን 18.6 በመቶ ነበርን። ስለዚህ ጎንደርና ማክሰኝት ያለው ወንድማችሁ ይህን ጉዳይ የሚያየው ከታች ነው። አንድ የምክር ቤት አባል በሰልፍ ላይ “መጤ ሃይማኖት” የሚል ቃል ቢወረውር ድንጋዩ የሚያርፈው በእሱ የኪራይ አዳራሽ ላይ ነው። ሐዋሳ፣ ነቀምቴ ወይም አዲስ አበባ ያላችሁት ግን ብዙ ናችሁ፤ በሥልጣን ላይ ያሉትም ብዙዎቹ የእናንተን መዝሙር ይዘምራሉ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የወንጌል አማኝ መሆናቸውን ሁላችን እናውቃለን። ፈተናው እዚህ ላይ ነው። የራሳችን ሰው ሲናገር “ጦርነት ላይ ነን” ብለን አለፍነው፤ የሌላው ወገን ሰው ሲናገር ሕግ ይከበር አልን። የጥቅምቱ የፌስቡክ ጽሑፍ በወጣ ጊዜ ስንቶቻችን ከመድረክ አንድ ቃል ተናገርን? ስንቶቻችንስ አጋራነው?

ምክር ቤቱ በ2012 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት ካውንስል በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት ሰጥቶታል። ይህ ታላቅ ነገር ነው፤ አባቶቻችን በደርግ ዘመን በየቤቱ ተደብቀው ሲያመልኩ ያልሙት ነበር። ነገር ግን በአዋጅ መቋቋም ዝም የማለት ውል አይደለም። ካውንስሉ በስም ሳይለይ፣ ከየትኛውም ፓርቲ ቢሆን፣ ወገንን በወገን ላይ የሚያነሣሣ የምክር ቤት አባል ሲገኝ ለአፈ ጉባኤው መጻፍ ይችላል፤ ያለ ፈቃድ የታሰረ አባል ሲኖርም እንዲሁ።

አዋጁ ሃይማኖታዊ ትምህርትን ከጥላቻ ንግግር ውጭ እንዳደረገውም እወቁ። ብዙ አገልጋዮች ይህን ሲሰሙ እፎይ ይላሉ። እኔ ግን ይህ ለእኛም የተሰጠ ያለመከሰስ መብት ዓይነት ነው እላለሁ። ስለ እስላሙ ወይም ስለ ኦርቶዶክሱ ጎረቤታችን በስብከት ስም የምናወጣው ቃል በዚህ ከለላ ሥር ይደበቃል፤ በጌታ ፊት ግን ስለ ከንቱ ቃል ሁሉ መልስ እንደምንሰጥ ተነግሮናል (ማቴ. 12፥36)። ጳውሎስ ሮማዊ ዜግነቱን ጅራፍ ሊያነሡበት ሲሉ ጠቀሰው (ሐዋ. 22፥25)፤ ሊቀ ካህናቱን ከተናገረ በኋላ ግን በዜግነቱ አልተከለለም፣ ቃሉን አረመ (ሐዋ. 23፥5)።

የተመረጠ ሰው ወደ ጉባኤያችሁ መጥቶ ሰላምታ ላቅርብ ሲል ማይክሮፎኑን ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁት። በአንቀጽ 54 ንዑስ አንቀጽ 7 መሠረት መራጩ ሕዝብ አመኔታ ያጣበትን ተወካይ ማውረድ ይችላል። ይህንን ያውቅ እንደሆነ፣ ባለፈው ዓመትም ስለ ሌላው ብሔር ወይም ሃይማኖት በአደባባይ ምን እንደ ተናገረ ጠይቁት። መልሱን ምእመናኑ ይስሙት።